ፊቱን ያዞረ ጠፍር

በቅሎዋ ቁልቁለቱን እየተንሸራተተች ስትወርድ፣ ከኮርቻው ኋላ የተጠቀለለው ሰፊ ጠፍር በየእርምጃው የሽማግሌውን ወገብ ይጎሽም ነበር። ሽማግሌው በዚያ አላማረሩም። ያማረሩት በሌላ ነው።

«ዛሬ ፀሐይ ከአናት ሳትዞር» አሉ፣ «ወይ አንቺ ታፍሪያለሽ፣ ወይ ወንድምሽ ያፍራል። እኔ ግን በማናችሁም ቢደርስ አፍራለሁ።»

«አባባ፣ ጎንበስ ይበሉ፣ ቅርንጫፍ አለ» አለች ልጃቸው። ልጓሙን ይዛ ከፊት የምትሄደው እሷ ነበረች።

ወስፌ ይሏታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእጇ የማይለየው የቆዳ መውጊያ ስሟን ወረሰው። ስሙ የወጣላት ለእጇ ሳይሆን ለምላሷ ነው የሚሉም አሉ፤ ውሸታቸውን አይደለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ አባቷ ቤት ተመልሳ፣ ሹሙም መኮንኑም ነጋዴውም የሚቀመጥበትን ኮርቻ ትሰፋለች፤ ደንበኛ ሲነዘንዛት «እንግዲያው በባዶ በቅሎ ሂድና መቀመጫህ ይፍረድ» ትላለች።

አባቷ ኮርቻ ሰፊ ናቸው፤ የኮርቻ ሰፊ ልጅ፣ የኮርቻ ሰፊ የልጅ ልጅ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይናቸው ደክሞ ሰውን ከምሰሶ የሚለዩት ሲናገር ነበር። መውጊያ ከጨበጡም ሁለት ዓመታቸው። ቢሆንም ከቤቱ የሚወጣ ኮርቻ ሁሉ በጣታቸው ይዳበሳል። የቆዳው ፊት፣ ጠጉር የነበረበት ለስላሳው በኩል፣ እንደ መስተዋት ወደ ውጭ ማብራት አለበት። ሥጋ የነበረበት ሻካራው ወደ ውስጥ ይደበቃል። ከዚያ የቤቱ ምልክት የሆነችው ትንሽ እርካብ በጋለ ብረት ትተኮስበታለች። ሳትተኮስ የወጣ ኮርቻ የለም።

የዚያን ዓመት ግን የሚወጣ ኮርቻ ራሱ ጠፋ። መንገድ ተጠረገ፤ በመንገዱ ካሚዮን መጣ። ሠላሳ በቅሎ የሚሸከመውን አንድ ካሚዮን እያጓራ ይዞት ሲሄድ፣ ነጋዴው በቅሎውን ሸጠ። በቅሎ ከሌለ ኮርቻ ማን ላይ ይጫናል?

የታላቅ ወንድሟ ልብ ወደ ካሚዮን የሸፈተው ያኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ካሚዮን ማቆሚያ ይውላል፤ የሾፌሩን መወልወያ ጨርቅ ይዞለት ይቆማል፤ ቤት ሲገባ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። በመጨረሻ ካሚዮን ካለው አንድ ቆዳ ነጋዴ ጋር ተስማማ። ቤቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለፋቸውንና ያከማቻቸውን ቆዳዎች በሙሉ አስረክቦ የነጋዴው ካሚዮን ሸሪክ ሊሆን። ቤቱ ከዚያ ሌላ ንብረት አልነበረውም።

«ካሚዮን እንደማይጠፋ እኔም አውቃለሁ» አለችው ወስፌ። «ግን ጋሼ፣ ያ ሁሉ ቆዳ ምኑን ይገዛልሃል? አንድ ጎማውን? ሰውየው እየነዳ ሲሄድ አንተ ጎማህን አቅፈህ ልትከተለው ነው?»

ወንድሟ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ታዲያ አንቺ ምን ታሳዪናለሽ?» አላት።

እሷ ዓይኗን የጣለችው ሌላ ነገር ላይ ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ ሻምበል ከወንዙ አጠገብ የሞተር ወፍጮ ተክለዋል። ወንዶቹ አንድ ቀን ሄደው አዩትና ቆሞ ዱቄት የሚያወጣ ነገር ምን ይገርማል ብለው ተመለሱ። በድንጋይ ላይ ተንበርክኮ የፈጨ ከመካከላቸው ስለሌለ አይፈረድባቸውም። ወስፌ ግን ፈጭታለች፤ ጉልበቷ ላይ የቀረው ጠባሳ እማኝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ወፍጮው የወረዱት ሦስት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ሰነፍ እንዳይባሉ ተከናንበው፣ በጓሮ በኩል። ወር ሳይሞላ ሴቱ ሁሉ በዋናው መንገድ በጠራራ ፀሐይ ይወርድ ጀመር። የሚከናነብም ቀረ።

ከዚያ ወፍጮው ቆመ። ከሞተሩ መንኮራኩር ወደ ወፍጮው መንኮራኩር ጉልበቱን የሚያሻግረው፣ የወፍጮው ሞተሪስት ቺንጊያ የሚለው ሰፊ የቆዳ ጠፍር በዝናብ ረጥቦ ላላ፣ ቀጥሎም ተበጠሰ። ሌላ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ሦስት ወር ነው ተባለ። ወንዶቹ ይህን ሲሰሙ «አላልንም?» አሉ። ወስፌ ነገሩን ለማየት ወረደች፤ ያየችው ግን ከጠፍሩ ይልቅ ሴቶቹን ነው። እህላቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ከተቀመጡ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። አንዷን፣ አመድማ ሻሽ ያሰረችውን ረጅም ሴት፣ ለምን ቤትሽ ገብተሽ በድንጋይ አትፈጪም አለቻት።

ሴትዮዋ በአራት እግርሽ ሂጂ የተባለች ያህል አየቻት። «ከእንግዲህ?» አለች።

ወስፌ ያቺን ቃል ይዛ ዳገቱን ወጣች። አዲስ ነገር ሲሠራ የማይከበው ሰው የለም፤ ዝንጀሮ ሲጨፍርም ይከበባል። ተሰብሮ ቆሞ ሳለ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰው ካገኘ ግን ያ ነገር አይሞትም። ወፍጮው ካልሞተ ደግሞ ጠፍሩ ይበጠሳል፤ በየጊዜው ይበጠሳል። ጠፍር የሚሠራው ከቆዳ ነው፤ ቆዳ የሚያውቅ ደግሞ ከእነሱ ቤት የተሻለ አልነበረም።

ለአባቷ ይህንኑ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ፈረዱ። አንድ ቆዳ፣ የመረጠችውን፣ ትውሰድ። የቀሩት ለወንድሟ በቀጠሮው ቀን ካሚዮን ላይ ይጫኑ። ካሚዮኑ የወንዙን ድልድይ የሚሻገረው በወፍጮው ደጅ አልፎ ስለሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ እዚያው ይገናኙ። ጠፍሩ ወፍጮውን ካዞረ ቆዳው ይወርዳል፤ ካላዞረ ድልድዩን ይሻገራል። «እኔም በገዛ እጄ እዳብሰዋለሁ» አሉ።

ቀኑ ደርሶ እነሆ አሁን ይወርዳሉ።

የወፍጮው ቅጥር በሰው ተሞልቶ ጠበቃቸው። ሻምበሉ በጡረታቸውም የወታደር ኮታቸውን አላወለቁም፤ ቁልፉ አንገታቸው ድረስ ተቆልፏል። ሞተሪስቱ ዘይት እስከ ክርኑ የጠጣ ሰው ነው፤ ጠፍሩ ሲዘረጋ አይቶ አፉን ያዘ። ደግሞም ያምር ነበር። ወስፌ የበሬውን የጀርባ ቆዳ ብቻ መርጣ ቆርጣዋለች፤ ስፌቱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቀጥ ያለ ነው፤ ፊቱ በሰም ታሽቶ ያብለጨልጫል። ሻምበሉ በከዘራቸው ነካ አደረጉትና፣ ይህ ለጄኔራል በቅሎ እንጂ ለሞተር ይባክናል ብለው ሳቁ።

«ጄኔራሉም የሚበላው ዱቄት ነው» አለች ወስፌ።

ጠፍሩን በሁለቱ መንኮራኩሮች ላይ አጠለቁት። ሞተሪስቱ ሞተሩን አስነሣ። ጥቁር ጭስ ወጣ፣ ትልቁ መንኮራኩር ዞረ፣ ጠፍሩም አብሮ ተነሣ። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እህል ወፍጮው ላይ ሲፈስስ ግን ጠፍሩ ጮኸ። ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። ብረቱ ከሥሩ ይሽከረከራል፣ ጠፍሩ ይንሸራተታል፣ ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። የተቃጠለ ቆዳ ሸተተ። ሞተሪስቱ አመድ በተነበት፤ ለጥቂት ያዘና እንደገና ተንሸራተተ፤ በሦስተኛው ከመንኮራኩሩ ዘሎ ወጥቶ ግድግዳውን በጥፊ መታው።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሳቁ ተላላፊ ነበር።

ካሚዮኑ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ቆዳዎቹ ተጠቅልለው ላዩ ላይ ታስረዋል፤ ወንድሟ እነሱ ላይ ተቀምጧል፤ የወርቅ ጥርስ ያለው ቆዳ ነጋዴ ከሾፌሩ ጎን ነው። ውሃው ስለፈላ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ እስኪቀዘቅዝ ሊቆም ግድ ሆነበት። ወንድሟ ዘሎ ወረደ። የጠፍሩን ሽታ ከእሷ ፊት ጋር አገናዝቦ ሁሉንም ተረዳ። አልተሳለቀም። ትከሻዋን ያዝ አደረገና «ሞክረሻል እቴ» አላት። ቢሳለቅ ይሻላት ነበር።

ጠፍሩን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት ቁጭ አለች። እጇ ሥራ መፍታት አያውቅምና ጠፍሩን ያገላብጣል። መንኮራኩሩን የነካው ሻካራው በኩል ነው። አንድም ቦታ ላይ በደንብ አልተነካም፤ የቃጫው ጫፍ ጫፍ ብቻ ጠቁሮ ተቃጥሏል። ብረቱ ቆዳውን አልያዘውም ማለት ነው፤ በላዩ እየዘለለ ነው የሄደው።

ቀና ስትል ያቺን ሴት አየቻት፤ ያቺን «ከእንግዲህ?» ያለቻትን። እህሏ ጭቃ እንዳይነካው ከሥሩ የቆዳ ቁራጭ አንጥፋለች። የተበጠሰው የባሕር ማዶ ጠፍር ነበር።

ወስፌ ባለፈው ወርዳ ልክ የወሰደችው በዚያው ጠፍር ነው። ስፋቱን በስንዝር፣ ርዝመቱን በክንድ፣ ውፍረቱን በጥፍሯ ለክታለች። አንድ ነገር ግን ያን ጊዜ አስቋታል። ለስላሳው የቆዳው ፊት ወደ ውስጥ ነበር፣ ሻካራው ወደ ውጭ። የባሕር ማዶ ሰዎች ቆዳ መልበስ እንኳ አያውቁም ብላ፣ ገልብጠው ነው የሰፉት ብላ፣ ነውራቸውን ሸፍና፣ የራሷን እንደ ወጉ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋ ሰፋችው። እናም አሁን የሴትዮዋን እህል በእግሯ ገፍታ ቁራጩን አነሣች። «ምን ሆነሻል?» አለች ሴትዮዋ። ወስፌ አልሰማቻትም። ለስላሳው በኩል ጥቁር ሆኖ፣ እኩል ሆኖ፣ ከዳር እስከ ዳር ብረቱን የነካ ነበር። እርጥብ መዳፍ ብርጭቆ ላይ እንደሚለጠፍ እንዲሁ ተለጥፎ ነው የኖረው።

አባቷ ከበቅሎዋ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተንበረከከች።

«አባባ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌዋለሁ።»

«ታዲያ ወዴት ልታደርጊው ኖሯል?»

«ወደ ውስጥ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። «የእኔ ቤት ቆዳ ፊቱን ደብቆ አያውቅም» አሉ።

«አያውቅም። የተንሸራተተውም ለዚያ ነው።» ከዚያ ምላሷን ትታ እጃቸውን ያዘች። ወደ መንኮራኩሩ ወስዳ በብረቱ ላይ መጀመሪያ ሻካራውን አስቀመጠችና ይጎትቱት አለቻቸው። ተንሸራተተ። ገልብጣ ለስላሳውን አስቀመጠች። ሽማግሌው ጎተቱ፤ ጨመር አድርገው ጎተቱ፤ ቆዳው ብረቱን ሙጭጭ አለ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ዕድሜ ልካቸውን ሲያለሰልሱት የኖሩት ፊት፣ እንዲያምር ብቻ ሲያለሰልሱት የኖሩት፣ ሌላ ሥራ እንዳለው ጣታቸው ያን ዕለት ገና ሰማ።

«መጋጠሚያውስ?» አሉ በመጨረሻ። «ፊቱ ወደ ውስጥ ከዞረ ስፌትሽ ብረት ላይ ይውላል። በአንድ ጀምበር ይበላዋል።»

«ፈትቼ ቦይ አወጣለታለሁ፤ ክሩን ቦዩ ውስጥ እቀብረዋለሁ።»

«ብቻሽን ፀሐይ ትጠልቅብሻለች።» እጃቸውን ዘረጉ። «መውጊያ ስጪኝ።»

ወስፌ የራሷን መውጊያ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

የኮርቻ ስፌት በሁለት መርፌ ነው። አንዱ መርፌ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ሆኖ በአንዲት ቀዳዳ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። አባትና ልጅ ጠፍሩን መሐል አድርገው ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሷ ቦዩን በካራ ታወጣለች፤ እሳቸው በአውራ ጣታቸው ቦዩን ተከትለው ይወጋሉ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ጠመመ። ሁለተኛውም። «አስተካክዪልኝ» አሉ እንጂ አላፈሩም። ከአምስተኛው በኋላ የሚስተካከል አልነበረም። እጃቸው መንገዱን አገኘ፤ ከዚያ እሷን ያጣድፏት ጀመር። «ተኝተሻል ወይ» ይሏታል። «የሁለት ዓመት እረፍት የጠገበ ሰው ምን አለበት» ትላቸዋለች።

ወንድምየው ቆሞ ያያቸዋል። የካሚዮኑ ውሃ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ነጋዴው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጥሩምባ አስነፋ። ሌላ ዕቃ የሚጭንበት አለው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጊዜው ገንዘቡ ነው። ወንድምየው ሄዶ ጥቂት ይታገሱኝ ብሎ ለመነው። ነጋዴው «የተጫነ ቆዳ የእኔ ነው፣ ሸሪክነቱን ከፈለግህ ና ውጣ፣ ካልፈለግህ እዚሁ ቅር» አለው። ሾፌሩንም አስነሣ ብሎ አዘዘ።

ያን ጊዜ ካሚዮን የሚነሣው ከፊቱ ማኖቬላ የሚባል ቆልማማ ብረት ተሰክቶ በክንድ ሲዞር ነው። ሾፌሩ ከወንበሩ ሥር ፈለገ፤ የለም። ከጭነቱ ሥር ፈለገ። ከዚያ ዞር ሲል፣ ወንድምየው ከወፍጮው ግድግዳ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ የማኖቬላው ጫፍ ከጭኑ ሥር ወጥቶ ይታያል። ወራት ሙሉ የሾፌሩን ጨርቅ መያዙ በከንቱ አልነበረም፤ የትኛው ብረት ከሌለ ካሚዮን እንደማይሄድ ተምሮበታል።

«አምጣ» አለ ነጋዴው።

«አባቴ እየሰፋ ነው» አለ ወንድምየው። «ሁለት ዓመት አልሰፋም።»

«ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?»

«ምንም አያገባህም። እኔን ነው የሚያገባኝ። ሲጨርስ እሰጥሃለሁ።»

ነጋዴው ተሳደበ፤ በእናቱም በአባቱም ሄደበት። ወንድምየው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተቀመጠ። ሴቶቹ አንድ ሁለት እያሉ መጥተው በዙሪያው ቆሙ። ነጋዴው ይህን ሲያይ መስኮቱን ዘጋ።

ስፌቱ ሲያልቅ ጥላ ከእግር ሥር ወጥቶ ነበር። ጠፍሩ አሁን አያምርም። ሻካራው፣ ቃጫማው፣ የሥጋው በኩል በሰው ፊት ገጥጦ ይታያል። ሞተሪስቱ አጠለቀው። ሞተሩ ተነሣ። ጠፍሩ ለጥ ብሎ ብረቱ ላይ ተኛ። እህሉ ፈሰሰ።

ጩኸት የለም። የወፍጮው ድንጋይ ማጉረምረም ጀመረ፤ እያደረ የሚከብድ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው። ዱቄቱ በመውረጃው በኩል መጀመሪያ እንደ አቧራ፣ ቀጥሎ እንደ ጅረት መጣ። አመድማ ሻሽ ያሰረችው ሴት እጇን ከሥሩ ዘርግታ በጣቷ አሸት አደረገችው። «የላመ ነው» አለች፣ ነገሩን ከእሷ ይጠብቁ የነበሩ ይመስል ለሁሉም። እልልታው ያኔ ነው የፈነዳው።

ወንድምየው ተነሣና ማኖቬላውን ለሾፌሩ ሰጠው። ከዚያ ካሚዮኑ ላይ ወጥቶ ገመዱን ፈታ፤ ቆዳዎቹን አንድ በአንድ በትከሻው እየያዘ አወረደ። ነጋዴው የቆሙትን ሴቶች አይቶ ሳይወርድ፣ «ትለምነኛለህ» እያለ ሄደ። «ምናልባትም እለምነው ይሆናል» አለ ወንድምየው ለእህቱ፣ «ካሚዮን እንደሆነ አልተውኩትም።» «አትተወው» አለችው። «ይህን ሁሉ ጠፍር በየአገሩ የሚያደርስልኝ በቅሎ የት አገኛለሁ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ካሚዮንን ያለ ሽሙጥ ማንሣቷ ነበር።

የየአገሩ ነገር ቀልድ አልነበረም። ሞተሪስቱ እጁን እየጠረገ፣ በወደቡ ስድስት እንዲህ ያለ ወፍጮ ወርዶ ባለቤቶቹን እየጠበቀ መሆኑን በዓይኑ እንዳየ ነገራቸው። ሁሉም አንድ አንድ ጠፍር ብቻ ነው ያላቸው። ዝናቡ ደግሞ እነሱ ጋም ይዘንባል። ሻምበሉ ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ከሌሎቹ አስቀድሞ ለእሳቸው ሁለት መጠባበቂያ እንዲሠራ አዘዙ። «የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ» አሉ።

«የሳቁትም የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት፤ ግን ይሠራልዎታል» አለች ወስፌ።

ሞተሩ እንዲበርድ ሲቆም፣ ሽማግሌው ከኮርቻቸው ኪስ የምልክቱን ብረት አስወጡ። አስበውበት እንኳ አላመጡትም፤ ከቤት ሲወጡ አብሯቸው የሚወጣ ነገር ነው። ሞተሪስቱ ሞተሩን በሚያሞቅበት ፋኖስ እሳት አጋለው። ወስፌ የጠፍሩን ለስላሳ ፊት በጠርዙ በኩል ገልጣ ልታቀርብላቸው ስትል እጇን ገፉት።

«እሱ ሥራ ላይ ነው» አሉ። «በዚህኛው።»

እናም በሻካራው ላይ፣ በዘመናቸው አንድም ቀን ምልክታቸውን ባላሳረፉበት በኩል፣ ብረቱን ተጫኑት። ቃጫው ተንጨረጨረ፤ ትንሿ እርካብ ጠቁራ ወጣች። ጠርዟ ትንሽ ሻክሯል፤ ግን እርካብ ነበረች። በጣታቸው ዳበሷት።

ሞተሩ እንደገና ተነሣ። አባትና ልጅ ከጠፍሩ ፊት ቆሙ፤ ወንድምየው ከኋላቸው ቆዳዎቹ ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌው ከጠፍሩ የሚመጣው ነፋስ ፊታቸውን ሲነካው ይሰማቸዋል፣ ሌላ አያዩም።

«እርካቧ አለፈች?» አሉ።

«አለፈች» አለች ወስፌ።

«አሁንስ?»

«አሁንም አለፈች፣ አባባ። ተመልሳ መጣች።»